ጌት፦ «ማግኘት» ብቻ ብለን የያዝነውን ቃል እንደገና መደልደል

ጌት (get) የምትለውን የእንግሊዝኛ ቃል አብዛኞቻችን «ማግኘት» ብለን ነው የያዝናት። ስለዚህ «ኢት ጋት ዳርክ» («ጋት» የጌት ያለፈ ጊዜ ናት) ሲመጣ «ጨለማ አገኘ» ይመስለንና እንደናገራለን፤ የተባለው ግን «መሸ፣ ጨለመ» ነው። መዝገበ ቃላቱ የሚደረድረውን ፍቺ ሁሉ በተራ መሸምደድም አያዋጣም። የሠራልን ዘዴ ቃሏን በአማርኛው ግስ መልክ መደልደል ነው። 6 ክምር አሉ፦ ማግኘት፣ መድረስ፣ መለወጥ፣ መደረግ፣ ማስደረግ፣ መብቃት። ለእያንዳንዱ 5 ዓረፍተ ነገር፣ በድምሩ 30 ካርድ። ፊቱ ላይ አማርኛው ብቻ፣ ጀርባው ላይ እንግሊዝኛው ይጻፋል። ልምምዱ ሁልጊዜ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ነው፤ ተገላቢጦሹ ቀላል ስለሆነ የቻልን ይመስለናል።

ማግኘትና መድረስ ብዙ አያስቸግሩም። መቀበል፣ መግዛት፣ ማምጣት («ወንበር ላምጣልህ»)፣ «ገባኝ» የምንለውም ጭምር የመጀመሪያው ክምር ውስጥ ይገባሉ። በመድረስ በኩል ከቦታው ስም በፊት «ቱ» ይግባ፤ «ሆም» እና «ሂር» ላይ ግን አይገባም።

ጊዜ ልንሰጠው የሚገባው መለወጥ ነው። እንግሊዝኛ በቅጽል የሚለውን አማርኛ በግስ ይለዋል፦ ደከመኝ፣ ራበኝ፣ በረደ፣ አረጀ። መለያው እዚሁ ቋንቋችን ውስጥ አለ። «ደክሞኛል» ካልን ያለንበትን ሁኔታ ነው፤ «አይ አም ታየርድ»። «ቶሎ ይደክመኛል» ካልን ለውጡን ነው፤ «አይ ጌት ታየርድ ኢዚሊ»። «እየደከመኝ ነው» ደግሞ «አይ አም ጌቲንግ ታየርድ»። ርቦኛልና ይርበኛል፣ በርዶኛልና ይበርደኛል ላይ ሞክሩት፤ ያው ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ። «ሆነ» ያለበትን ሁሉ በጌት መተካት አይቻልም፤ ከኋላ የሚመጣው ቅጽል መሆን አለበት። «ሐኪም ሆነ» ለማለት «ሂ ጋት ኤ ዶክተር» ብንል የሚሰማው «ሐኪም ጠርቶ አመጣ» ነው። ለስም «ቢኬም» ነው የሚያስፈልገው።

መደረግ በ«ተ» የሚጀምረው ግሳችን ነው፦ ተባረረ፣ ተሰረቀ፣ ተሰበረ። «ዘ ዶር ዋዝ ክሎዝድ» ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ በሩ ተዘግቶ ነበር፣ ወይም በሩ ተዘጋ። «ጋት ክሎዝድ» ከሆነ ግን ሁለተኛው ብቻ ነው፤ ድርጊት ተፈጽሟል። ለዚህ ነው ድርጊት የሌለበት ግስ ጌትን የማይቀበለው፤ «ይታወቃል» «ኢዝ ኖውን» እንጂ «ጌትስ ኖውን» አይባልም። በመደበኛ ጽሑፍ ደግሞ እዚህ ቦታ ላይ ጌትን መተው ይሻላል፤ የንግግር ጠረን አላት።

ማስደረግ ላይ ብዙ ስሕተት ይሠራል። «ስልኬን አስጠገንኩ» የሚለው «አይ ጋት ማይ ፎን ፊክስድ» ነው። «አይ ፊክስድ ማይ ፎን» ካልን በገዛ እጃችን ጠገንነው ማለት ነው፤ የአማርኛው «አስ» እንግሊዝኛው ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፤ ዕቃው መሀል፣ ግሱ መጨረሻ። የሚጠግነው ሰው ከተጠቀሰ ግን «ጋት ሂም ቱ ፊክስ ኢት» ይሆናል። «ቱ» መቅረት የለባትም፤ «ሜድ ሂም ፊክስ ኢት» ላይ ግን አትገባም። በ«ጋት» ውስጥ ማግባባት፣ በ«ሜድ» ውስጥ ማስገደድ ይሰማል።

አሁን «አይ ጋት ማይ ፎን ስቶለን» የሚለውን ተመልከቱ። አወቃቀሩ ከላይኛው ጋር አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን «ስልኬን አሰረቅሁ» ሳይሆን «ስልኬ ተሰረቀብኝ» ነው። ያው መልክ አንዴ «አስ»ን፣ አንዴ «ብኝ»ን ይሸከማል፤ የሚለየው ነገሩን ፈልገነዋል ወይስ ደርሶብናል የሚለው ነው። ለዚህ ክምር ከ5ቱ ካርድ 2ቱን ለ«ብኝ» መተው ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

መብቃት አጭር ናት፦ «አይ ጋት ቱ ሲ ሂም»፣ ላየው በቃሁ፣ የማየት ዕድሉ ገጠመኝ። «አይቭ ጋት ቱ ሲ ሂም» ከሆነ ግን «ላየው ግድ ነው» ማለት ነው፤ በፈጣን ንግግር «ጋታ» ሆኖ ይሰማል። ስንሰማ «አይቭ»ን ካሳለፍናት ትርጉሙ ይገለበጣል። ያለ «ቱ» ሲመጣ «አይቭ ጋት ኤ ካር» መኪና አለኝ ማለት ነው። አሜሪካኖች «አግኝቻለሁ» ለማለት «አይቭ ጋተን» ስለሚሉ፣ «አለኝ»ና «አግኝቻለሁ» በእነሱ አነጋገር በጆሮ ይለያሉ።

30ው ካርድ ሳይደናቀፍ ሲወጣ ፈተናው ይህ ነው፦ ከምታነቡት ጽሑፍ ጌት ያለባቸውን 20 ዓረፍተ ነገሮች ልቀሙና እያንዳንዱን ወደ ክምሩ መልሱት። የትም የማይገባ ከተረፈ ብዙ ጊዜ ተቀጥላ ያለው ነው፤ «ጌት አፕ» መነሣት፣ «ጌት አሎንግ» መስማማት፣ «ጌት አዌይ» ማምለጥ። እነዚህን ለብቻቸው፣ እንደ አንድ ቃል መያዝ ነው፤ ጌትን ብቻዋን በመተርጎም አይገኙም።