የ«ማይ ዋር» ሁለተኛ ገጽ፦ የአሥራ አንድ ሳምንት ልምምዴ

ባለፈው ስጽፍላችሁ ሃርድኮር ፓንክ በሚባለው ጩኸታም የሮክ ሙዚቃ ፈጣን ዘፈኖች ላይ ነበርኩ። ጊታር በያዝኩ በሁለተኛ ዓመቴ እጄ መፍጠን ጀምሮልኝ ተደስቼ ነበር። ከሐምሌ መጨረሻ ወዲህ ግን የሠራሁት ተቃራኒውን ነው። ብላክ ፍላግ የተባለው ባንድ የሠራውን የ«ማይ ዋር» አልበም ሁለተኛ ገጽ፣ ማለትም የሸክላውን ጀርባ፣ ሦስት ዘፈን ብቻ ያለበትን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመጫወት እየታገልኩ ነው። ሁለቱን ይዣለሁ፤ ሦስተኛው ገና ነው።

ይህን አልበም ለዓመታት በድዬዋለሁ። ርዕሱ «የእኔ ጦርነት» ማለት ነው፤ ደሴ ለኖረ ሰው ደግሞ ያ ቃል ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ ሳልሰማው ቆየሁ። ስሰማው የርዕሱ ዘፈን ጦርነት በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚካሄድ ሆኖ አገኘሁት፤ ወዳጄ ነኝ ያለውን ሁሉ በጠላትነት የሚጠረጥር ሰው ነው የሚጮኸው። ወደድኩት። ያም ሆኖ ስድስቱ የመጀመሪያው ገጽ ዘፈኖች ሲያልቁ ሁልጊዜ አጠፋው ነበር። ሰባተኛው ሲጀምር ባንዱ የደከመ ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ ያሰብኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ያሳተመውም የባንዱ የጊታር ተጫዋች ግሬግ ጊን ያቋቋመው ኤስ ኤስ ቲ የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ነበር። ከእርሱ በፊት በ1981 የወጣው «ዳሜጅድ» የተባለ አልበማቸው ይህን የካሊፎርኒያ ባንድ የሃርድኮር ቁንጮ አድርጎት ነበር። ከዚያ በኋላ ከሌላ አሳታሚ ጋር በገጠማቸው የፍርድ ቤት ክርክር የተነሣ ሁለት ዓመት ያህል በባንዱ ስም አዲስ ሥራ ማውጣት አልቻሉም። አድማጩ ያን ያህል ጠብቆ የደረሰው እያንዳንዳቸው ከስድስት ደቂቃ የሚበልጡ፣ መሬት ለመሬት የሚሳቡ ሦስት ዘፈኖች ሆኑ። ብዙ የሃርድኮር ወዳጆች ተቆጡ። ኋላ እነ ሜልቪንስ የተባሉት ባንዶች ከዚያ ዝግታ ተነሥተው የራሳቸውን ሙዚቃ ሠሩ፤ የኒርቫናው ከርት ኮቤይንም ከሚወዳቸው ሃምሳ አልበሞች መካከል ቆጥሮታል። እኔን የመለሰኝ ግን የእነርሱ ምስክርነት ሳይሆን የሐረጎ መንገድ ነው።

ኮምቦልቻ ሥራ ውዬ በሚኒባስ ወደ ደሴ ስመለስ ነበር። ጉሙ ወርዷል፤ ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ዳገቱን ይዞታል፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ መቅደም አይቻልም። ስልኬ ከእግሬ ሥር ባለው ቦርሳ ውስጥ ስለነበር ሰባተኛው ዘፈን፣ «ናቲንግ ሌፍት ኢንሳይድ»፣ ሳላጠፋው ጀመረ። ዓይኔ በመኪናው የኋላ ጎማዎች ላይ ነበር። ጎማው አንድ ዙር ለመዞር ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣል፤ ሹፌሩ ለአፍታ ቢያላላው ወደ እኛ ይንሸራተታል። ያ መኪና የሚያዘግመው ደክሞት ሳይሆን ጭነት ስላለበት ነው። ጊታሩም በጆሮዬ ውስጥ እንደዚያው ነበር። ሦስቱም ዘፈኖች አልቀው ከዳገቱ አልወጣንም፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ሰምቼ ጨረስኩ።

በማግሥቱ ልጫወተው ሞከርኩ። ኖታዎቹ ጥቂት ናቸውና አንድ ሳምንት ይበቃኛል ብዬ ነበር። የገጠመኝ እንዲህ ነው። ሜትሮኖሙን፣ ምት የሚቆጥርልኝን መሣሪያ፣ በደቂቃ 200 ምት ላይ አድርጌ ስጫወት አንዱ ምት ከሌላው የሚርቀው በሰከንድ ሦስት አሥረኛ ብቻ ስለሆነ የተሳሳተው ወዲያው በሚቀጥለው ይሸፈናል። 60 ላይ አድርጌ በየሁለት ምቱ አንዴ ስመታ ግን ድምፁ ሁለት ሰከንድ ሙሉ ፊት ለፊት ይቆማል። ትንሽ ቀድሜ ከመታሁ ይታወቃል፤ ክሩን አጥብቄ ካልያዝኩትም ይታወቃል።

ከሁሉ የከበደኝ በሁለቱ ምት መካከል ያለው ነገር ነው። ዲስቶርሽኑ (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው) ከፍ ሲል ያልነካኋቸው ክሮች ራሳቸው ማጉረምረም ይጀምራሉ፤ ከአምፕሊፋየሩ፣ ከድምፅ ማጉያው፣ የሚወጣው ድምፅ መልሶ ያንቀጠቅጣቸዋል። መጀመሪያ ጨርቅ ቀድጄ በጊታሩ አንገት ላይ አሰርኩ። ማጉረምረሙ ቀነሰ፣ ነገር ግን ክፍቱን ክር፣ በጣት ያልተጫንኩትን፣ ስመታ ድምፁ ታፍኖ ሞተ። ጨርቁን ፈታሁት። አሁን የቀኝ መዳፌን ጠርዝ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ አሳርፌ፣ በቀጭኖቹ ላይ ደግሞ የግራ ጣቶቼን ሳልጫን አስተኛለሁ። ሥራ የሌለው ጣት የለም። በዚህም ላይ ሌላ ስህተት ነበረብኝ፦ ማጉረምረሙን ስለምፈራ ድምፁን ቶሎ እቆርጠው ነበርና ዘፈኑ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። ድምፁ እስከሚቀጥለው ምት አፋፍ ድረስ መኖር አለበት። ይህን ብቻ ለማስተካከል አራት ሳምንት ፈጀብኝ፤ መብራት በጠፋባቸው ምሽቶች ጭምር ያለ አምፕሊፋየር ተለማምጄዋለሁ።

ስለ ቤዙ፣ ወፍራም ድምፅ ስላለው ጊታር፣ ደግሞ ልንገራችሁ። በአልበሙ ላይ ቤዝ የተጫወተው ዴል ኒክሰን ይባላል፤ እንደዚያ የሚባል ሰው ግን የለም። የባንዱ የቤዝ ተጫዋች ቻክ ዱካውስኪ የርዕሱን ዘፈን ጽፎ ከባንዱ ስለወጣ ጊን ራሱ በሐሰት ስም ቤዙንም ተጫወተ። (ከአልበሙ በኋላ ቦታውን ኪራ ሮስለር የምትባል ሴት ያዘች፤ ይህን ሳውቅ ደስ ብሎኛል።) እኔም የቤዝ ተጫዋች ስለሌለኝ እንደ እርሱ ላድርግ አልኩ፦ ቤዙን በስልኬ ቀድቼ ጊታሩን በላዩ እጫወታለሁ። ቤዙን ያዋሱኝ በደርግ ዘመን በኪነት ቡድን ይጫወቱ የነበሩ ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ቀን ስለማመድ ቆመው አዩኝና «ልጄ፣ ጣትሽ ሳይመታ ትከሻሽ ይሄዳል» አሉኝ። በመስታወት ሳየው እውነት ነው፤ ከየምቱ በፊት ትከሻዬ ብድግ ይላል። «ምን ላድርግ ጋሼ?» ስላቸው ጀርባዬን ከግድግዳ አስጠግተው አስቀመጡኝ፤ ትከሻዬ ግድግዳውን ከለቀቀ ቸኩያለሁ ማለት ነው።

ዘፈኑንም አሰማኋቸው። ጩኸቱን አልወደዱትም። ከበሮውን ግን ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና «ይህ ልጅ መጠበቅ ያውቃል» አሉ። ከበሮ መቺው ቢል ስቲቨንሰን ነው፤ በዲሴንደንትስ ባንድ እጅግ ፈጣን ዘፈኖችን የሚመታው ያው ሰው። እኔም አሁን አልበሙን የተሸከመው እርሱ ነው ባይ ነኝ። የዘፋኙ የሄንሪ ሮሊንስ ድምፅ ሊፈርስ ሲደርስ የሚይዘው ከበሮው ነው። የጊን የጊታር ሶሎ አንዳንድ ቦታ መንገዱን የሚስት ይመስለኛል፤ በዚህ ላይ ሐሳቤን አልለወጥኩም። የሁለተኛው ገጽ ሁለተኛ ዘፈን «ስሪ ናይትስ» ግን ከመጀመሪያው ገጽ ከማንኛውም ዘፈን ይበልጥብኛል።

የቀረኝ ሦስተኛው፣ «ስክሪም»፣ ነው። አራተኛው ደቂቃ ላይ እሰበራለሁ፤ ቅጂውን በማግሥቱ በሚኒባስ ውስጥ ስሰማው ትከሻዬ ከግድግዳው የተነሣበትን ቦታ ለይቼ አውቀዋለሁ። የፊታችን እሑድ እንደገና እቀዳዋለሁ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያላችሁ ከበሮ የምትመቱ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ፍጥነት አልጠይቅም።