ባዳ ያልሆንኩበት እሑድ፤ የትንሣኤ መልእክት

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። ዘንድሮ የካቶሊካውያኑ ትንሣኤ በእኛ ሆሳዕና ዕለት ስለ ዋለ፣ እዚህ ሮም ያለን ሐበሾች የጎረቤቶቻችን የበግ ጥብስ ሽታ በመስኮት እየገባ ሰሙነ ሕማማትን በሽሮ አሳልፈን፣ ዛሬ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ተራችን ደርሷል። ባለፈው ዓመት ግን ሁለቱ በዓላት ሚያዝያ 12 ቀን በአንድነት ውለው ነበር። የዚያን ዕለት በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ያየሁትን፣ ይልቁንም በራሴ ላይ ያየሁትን፣ ልጽፍላችሁ እያሰብኩ ሳልጽፍ ዓመት ሞላኝ።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት እኔ በዚህ አገር ባዳንቴ ነኝ። ቃሉ በጣሊያንኛ የሚንከባከብ፣ ልብ የሚል ማለት ቢሆንም፣ በውስጡ የእኛ «ባዳ» ተሸሽጎ መኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ በሰው ቤት፣ በሰው ወጥ ቤት፣ ከሰው እናት ጋር እየኖሩ ባዳ መሆን ምን እንደሆነ ሥራው ያስተምራል። የማስታምማቸው ሲኞራ የዚያን ጠዋት፣ እኔ ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሼ ገና ጋደም ስል፣ ለብሰውና ሻርፓቸውን አስረው ዊልቸራቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ ለ38 ቀናት ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ አንድ ወር እንኳ አልሞላቸውም ነበርና፣ ወደ ሰገነቱ ይወጡ አይወጡ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሲኞራ ግን «ካልወጡም እንጠብቃቸዋለን» አሉ፤ ከዚህ በኋላ ክርክር የለም።

ሮምን የሚያውቅ ሰው 64 ቁጥር አውቶቡስን ያውቃል። ከተርሚኒ ጣቢያ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ሰፈር የሚሄደው ይህ አውቶቡስ በምዕመናንና በቱሪስት የታጨቀ፣ በኪስ አውላቂም የታወቀ ስለሆነ፣ ነዋሪው ሲሳፈር ቦርሳውን ወደ ፊት አዙሮ በክንዱ ያቅፈዋል። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። በአንድ እጄ ዊልቸሩን ይዤ፣ ሆዴን ወደ ውስጥ ሰብስቤ፣ የሚነካኝን ክርን ሁሉ በጥርጣሬ እየመረመርኩ ደረስን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከአውቶቡሱ ይልቅ በተጣበበ ሕዝብ መካከል፣ ከሆላንድ በመጡት አበቦች አንጻር ቆመን ነበር። የዊልቸሩ ፍሬን ሲያስቸግረኝ ለማስተካከል ጎንበስ አልኩና፣ ገንዘቤና የመኖሪያ ፈቃዴ ያለበትን ቦርሳ አጠገቤ ለቆመች፣ ቋንቋዋን እንኳ ለይቼ ላላወቅኩት ሴት አቀበልኳት። ይዛ ቆየችና ስነሳ መለሰችልኝ። ያደረግኩት ነገር የታወቀኝ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው፤ ያን ጊዜ ብቻዬን ደነገጥኩ።

ያው ግፊያ፣ ያው እንግዳ ሰው፤ በአውቶቡሱ ጠላት፣ በአደባባዩ ወገን። ይህን ያደረገው ምንድን ነው? ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ቦን በ1895 እ.ኤ.አ. ስለ ሕዝብ ስብስብ ሲጽፍ፣ ሰው ከብዙኃኑ ጋር ሲቀላቀል አእምሮውን ጥሎ ስሜቱን ብቻ ይከተላል ብሎ ነበር፤ ብዙ ሰውም እስካሁን እንደዚያው ያምናል። እኔ ግን ያን ቀን አእምሮዬን የጣልኩበት ሰዓት አላስታውስም፤ የሲኞራን መድኃኒት በሰዓቱ ሰጥቻለሁ፣ ውኃ አጠጥቻለሁ፣ መውጫው በየት በኩል እንደሆነም ልብ ብያለሁ። ይልቅ ወደ ልቤ የሚቀርበው የሥነ ልቦና አጥኚዎቹ ስቴፈን ራይከርና ኒክ ሆፕኪንስ ከሕንዳውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በጋንጅስ ወንዝ ዳር በሚደረገው የሂንዱዎች ታላቅ ጉባኤ ያጠኑት ነው። በዚያ ብርድ፣ ጩኸትና ግፊያ የሰነበቱ ምዕመናን ወደ መንደራቸው ሲመለሱ፣ ከቤት ከቀሩት ይልቅ ጤንነት እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። ምሥጢሩን አጥኚዎቹ ያገኙት አጠገብ የቆመውን ሰው «ከእኛው ነው» ብሎ ከመቁጠር ላይ ነው። ምዕመናኑ አንድ ዓይነት የድምፅ ቅጂ የበዓሉ ነው ሲባሉ ታግሠው ያዳምጡታል፣ የከተማ ጫጫታ ነው ሲባሉ ደግሞ ቶሎ ያቋርጡታል። ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆንም የእኔን 64 ቁጥር ያስረዳኛል።

የብዛት ጉዳይም አይደለም። በጥር 1995 እ.ኤ.አ. በማኒላ፣ በዓለም የወጣቶች ቀን፣ ወደ አምስት ሚሊዮን የተገመተ ሕዝብ መንገዱን ዘግቶ ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ ወደ ቅዳሴው በሄሊኮፕተር እንዲሄዱ ግድ ሆኗል። በእኛ እሑድ ቅዳሴ ላይ የነበረው ወደ 35 ሺህ ሰው ነው፤ ጃንሜዳ ለጥምቀት ከሚሞላው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ነገር ግን በልጅነቴ ጃንሜዳ ላይ አባቴ ትከሻ ላይ ተቀምጬ እልልታው ደረቴ ውስጥ ሲያስተጋባ የተሰማኝ ነገር፣ እዚህ በላቲን ዜማ መካከል ተመልሶ መጣ። ዜማውን አላውቀውምና በበኩሌ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» እያልኩ በለሆሳስ ደገምኩ፤ የሚታዘበኝም አልነበረም።

ሲኞራ ይህን ሁሉ ከእኔ ቀድመው ያውቃሉ። በወጣትነታቸው በ«ነጩ ባቡር» በሽተኞችን ወደ ሉርድ ያጅቡ ነበር። በርናዴት የተባለችው ልጅ እመቤታችንን አየሁ ባለችበት፣ ከ1858 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምዕመናን በሚጎርፉበት በዚያ ሥፍራ፣ በሽተኞቹ በሰማያዊ ጋሪ እየተሳቡ ከፊት ይሄዳሉ፤ ጤነኛው ከኋላ ይከተላል። «ከመቶ አንዱም በእግሩ አልተመለሰም» አሉኝ አንድ ጊዜ፤ «ግን ሲመለሱ በባቡሩ ውስጥ ይዘፍኑ ነበር።» የዳኑትን ሳይሆን የዘፈኑትን መቁጠራቸውን ወድጄላቸዋለሁ። በአደባባዩም ሰዎች ዊልቸሩን ሲያዩ ገለል እያሉ፣ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ወደ ፊት አሳልፈውናል።

ስድስት ሰዓት ላይ ፍራንችስኮስ በሰገነቱ ታዩ። ድምፃቸው ደክሞ «ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ መልካም ፋሲካ» ብቻ አሉና መልእክቱን ሌላ ሰው አነበበላቸው። ያን ጊዜ የወረደውን ጸጥታ እንዴት ልግለጽላችሁ? ያ ሁሉ ሰው አንድ ሕመምተኛ እንዳይደክምበት የሚጠነቀቅ አስታማሚ ይመስል ትንፋሹን ዋጠ። ሥራዬ ነውና ያን ጸጥታ አውቀዋለሁ፤ በሽተኛ ያለበት ቤት ጸጥታ ነው። ከዚያ በመኪና ወርደው በሕዝቡ መካከል ሲያልፉ ጩኸቱ ፈነዳ። በማግስቱ፣ ሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ35 ላይ፣ በ88 ዓመታቸው ዐረፉ። ሲኞራ ዜናውን ሲሰሙ አላለቀሱም፤ «ሊሰናበቱን ነው የወጡት» አሉና ቡናቸውን ጠየቁ።

ነገሩን አላሳምረውም። ይህ መተማመን ለሌባም የተመቸ ነው፤ ያቺ ሴት ቦርሳዬን ይዛ ብትሄድ ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ ሌላ ነበር። «የእኛ» የሚለውም ቃል የእኛ ያልሆነውን ከአጥር ውጭ ያስቀራል። ሙቀቱም አይቆይም፤ ማክሰኞ 64 ቁጥር ላይ ስሳፈር ቦርሳዬን እንደ ልማዴ አቅፌ ነበር።

ዘንድሮ ሲኞራ ደከሙ፤ ቡራኬውን በቴሌቪዥን ተቀበልን። ትናንት ሌሊት ግን ልጃቸው ስለ ተካችኝ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሄድኩ። አንዲት በቅርቡ የመጣች ልጅ፣ ነጠላዋ አዲስ፣ ከምሰሶው ሥር ብቻዋን ቆማ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር። ጧፉ ተለኩሶ፣ ከበሮው ተመትቶ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ ዞር ብዬ አየኋት፤ እያጨበጨበች ነው። ቦርሳዋ በሩ አጠገብ፣ ከጫማዎቹ ክምር መካከል ተቀምጧል።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ።