«ክራሩ ነው የተበላሸው»

በታኅሣሥ ብርድ ማታ ደጅ ላይ ኮንሰርት የሚያዘጋጅ ሰው፣ በሕይወቱ የትንፋሽ መሣሪያ ነፍቶ አያውቅም። ያም ሆኖ ክላርኔት የምጫወትበት የትንፋሽ መሣሪያዎች ባንድ ተጋበዘና ሄድን።

ፕሮግራሙ ከየአቅጣጫው የተለቃቀመ ነበር። በእንግሊዛዊው አቀናባሪ በጉስታቭ ሆልስት «የመጀመሪያው ስዊት በኢ ፍላት» ከፈትን። ገና ከጅምሩ ለወታደራዊ ባንድ የተጻፈ ሥራ ስለሆነ እኛን የመሰለ ቡድን ይወደዋል። ቀጥሎ ሕዝቡ እያጨበጨበ የሚያጅበው የስትራውስ ራዴትስኪ ማርሽ መጣ። የምሽቱ ዋና ነገር ግን በሁለተኛው ክፍል ነበር፦ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ከባንዱ ጋር የሚጫወቱት ትዝታ።

ልምምዱን ያደረግነው ቀን፣ ፀሐይ በሚገባበት አዳራሽ ውስጥ ነው። እዚያ ሁሉም ልክ ነበር። ማታ ባለ ክራሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት፣ ተራቸው እስኪደርስ ከመድረኩ ጀርባ ጥበቃዎቹ ያነደዱት ከሰል አጠገብ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀመጡ። የድምፅ ባለሙያው ልጅ ስልኩን አውጥቶ እያንዳንዱን ክር በመቃኛው መተግበሪያ አስተካከለላቸው። አረንጓዴ መብራት በራ፤ ጨረስን አለ።

መግቢያውን ክራሩ ብቻውን ተጫወተው፤ ያምር ነበር። እኛ ስንገባ ግን ጆሮዬ ተሸማቀቀ። ከጎኔ ያለው ልጅ ክላርኔቱን ሳይለቅ በዓይኑ ወደ ክራሩ ጠቆመኝ፤ «እሱ ነው» ማለቱ ነው። ከኋላም ትሮምቦኖቹ ተያዩ።

መሪያችን ጎበዝ ነው፤ ግራ እጁን ጨብጦ ባንዱን አስቆመና ማሲንቆውንና ከበሮውን ብቻ አስቀጠለ። ማሲንቆ ጣት ባረፈበት የሚዘፍን መሣሪያ ስለሆነ ተጫዋቹ ወዲያው ባንዱ ወደነበረበት ወረደ። ጋሼ ጆሯቸውን ወደ እሱ ዘንበል አድርገው በአንድ እጃቸው እየመቱ፣ በሌላው ከላይ ያለውን መቃኛ አንድ በአንድ እያዞሩ ስድስቱን ክር ዝቅ አደረጉ። ሕዝቡ አቀናባሪው ያሰበው ነገር መስሎት አጨበጨበ። ስንመለስ ገጠመ።

ከመድረክ ስንወርድ የጠበቅኩት ወሬ ጀመረ። «ክራሩ ነው የተበላሸው፤ የባህል መሣሪያ እኮ ቅኝት አይዝም።» የድምፅ ባለሙያው ደግሞ ስልኩን ይዞ ይሟገታል፤ «ጋሼ፣ እኔ ልክ አድርጌው ነበር!»

«ስልክህስ ልክ ነው ልጄ፤ የወረዱት እነዚህ ነፊዎቹ ናቸው» አሉት ጋሼ።

እውነታቸውን ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ10 ዲግሪ ወደ 337 ይወርዳል። ቱቦ ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ የመሣሪያው ድምፅ አብሮ ዝቅ ይላል። ትንፋሻችን ያሞቀዋል፤ ግን መድረክ መሪው ረጅም ንግግር ባደረገ ቁጥር መሣሪያው እጃችን ላይ ይበርዳል። የክራሩ የብረት ክር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከከሰሉ ዳር ተነስቶ ብርድ ሲያገኘው ይከርራል፣ ድምፁም ከፍ ይላል። እኛ ወደ ታች፣ እሱ ወደ ላይ። ዋናው ማስረጃዬ ዋሽንቱ ነው፦ እንደኛው በትንፋሽ የሚኖር ስለሆነ አብሮን ወርዶ ነበር፤ በእሱ ላይ ግን ማንም አላማረረም።

ይህ «ቅኝት አይዝም» የሚባል ነገር ያበሳጨኛል። ራስ ተፈሪ የናስ ባንድ ተጫዋቾቹን አርባ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው ከ1916 ዓ.ም. ወዲህ የናስ መሣሪያና የአገራችን ዜማ በአንድ ቤት ይኖራሉ። አቀናባሪው ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሰሉ ሰዎች ሁለቱን ለማስማማት ብዙ ደክመዋል። እኛ ግን ዛሬም ሳይገጥም ሲቀር ጥፋተኛውን የምንፈልገው ከክራሩ በኩል ነው።

እኛ ከፍ ብንል አይሻልም ነበር ወይ ያለም ነበር። ድምፅ ከፍ የሚለው ቱቦው ሲያጥር ነው፤ እኔ ደግሞ ክላርኔቴን በርሜሉ (ከአፍ መንፊያው ሥር ያለው አጭር ቁራጭ) ድረስ ገፍቼ ገጥሜው ስለነበር ከዚያ በላይ የሚገባ ነገር የለውም። ትራምፔቶቹም ማስተካከያ ቱቧቸውን ጨርሰው አስገብተውታል። መውረድ የሚችለው ክራሩና ማሲንቆው ብቻ ነበር፤ ጋሼ ይህን ማንም ሳይነግራቸው አውቀውታል።

አሁን ደጅ ስንጫወት ባለ ክራሩ ከእኛ ጋር እዚያው ብርዱ ላይ ይቀመጣል፤ ከሰል የለም፣ ስልክም የለም። ከትዝታ በፊት እኔ ለመቃኛ ቢ ፍላት የሚባለውን ድምፅ እሰጣለሁ፤ ባንዱ መሣሪያውን አሙቆ ያንን ይይዛል፣ ክራሩ በመጨረሻ ከእኛ ላይ ይቃኛል። መሪያችን መጀመሪያ «መድረክ ላይ ዝም ተብሎ አይቆምም» ብሎ አልቀበል ብሎ ነበር። ስለዚህ መድረክ መሪው ያን ጊዜ ስለ አራቱ ቅኝቶች እንዲያወራ ተደረገ። ወሬው ቶሎ ሲያልቅበት ከኋላው «ቀጥል፣ ቀጥል» እያልን በእጅ እንጠቁመዋለን።