ቀጠሮዬ እስኪደርስ

ትናንት ሌሊት የኩላሊት ጠጠሬ ሕመም እንደገና ተነሳብኝ። ከጎድን አጥንቴ ስር ይጀምርና በጎኔ ዞሮ ወደ ብሽሽቴ ይወርዳል። ብተኛ አይሆንልኝ፣ ብቀመጥ አይሆንልኝ፣ ተንበርክኬም ሞከርኩት። የሚሻለኝ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ብቻ ነው። ሐኪሜ የዚህ ሕመም ጠባዩ ነው ትላለች፤ የሆድ ዕቃው የተቆጣበት ሰው መነቃነቅ ይፈራል፣ ጠጠር የያዘው ግን አርፎ መተኛት አይችልም።

ብዙ ሰው ጠጠሩ እየቧጨረ የሚያሳምም ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት መዘጋቱ ነው። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ ሲዘጋ ሽንቱ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ ኩላሊቱ ይወጠራል፣ ቱቦውም ጠጠሩን ለመግፋት ይኮማተራል። ለዚህ ነው የሚነሳው፣ የሚበረታው፣ ረገብ ብሎ ደግሞ የሚመለሰው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ በከፋው ሰዓት «ይረግባል» እላለሁ፤ ስለማምንበትም ትንፋሼ ይረጋጋል።

ከሁሉ የረዳኝ ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ነው። ፕሮስታግላንዲን የሚባሉትን፣ ኩላሊቱ ውስጥ ግፊቱን የሚያባብሱትን ንጥረ ነገሮች ስለሚቀንስ ሕመሙን ከምንጩ ያዳክመዋል። ለሁሉም ግን አይሆንም። ኩላሊቱ የደከመ፣ የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ወይም ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያማክሩ ሊነኩት አይገባም፤ ለእኔም የታዘዘው የደም ምርመራዬ ከታየ በኋላ ነው። ሙቅ ውሃ በላስቲክ መያዣ ሞልቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ጎኔ ላይ ማድረጉም ያሳርፈኛል። ማታ የምውጠው ታምሱሎሲን የቱቦውን ጡንቻ ያላላል፤ በድንገት ስነሳ ስለሚያዞረኝ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ እላለሁ።

የሚወዱኝ ሁሉ «ውሃ ጠጪ» ይሉኛል። ጠጠር ተመልሶ እንዳይፈጠር በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ሽንት የሚያስወጣ ያህል መጠጣት በእርግጥ ይጠቅማል። ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት ግን ውሃ መጋት ጠጠሩን አይገፋውም፤ በተዘጋው ቱቦ ላይ ሽንት መጨመር ነው። ያኔ የምጎነጨው ለጥሜ ያህል፣ ካስመለሰኝም የወጣውን ለመተካት ያህል ነው።

የእኔ ጠጠር 6 ሚሊ ሜትር ነው። ከ5 በታች የሆነው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ ከ10 በላይ የሆነው ግን ዕድሉ ጠባብ ነው። ከመጠኑ ይልቅ የከበደኝ ሌላ ነገር ነው፤ የሕመሙ ብርታትና የአደጋው ልክ አይገናኙም። 3 ሚሊ ሜትር ሰውን መሬት ላይ ያንከባልላል፣ ኩላሊት ውስጥ የተቀመጠ ትልቅ ጠጠር ደግሞ ምንም ሳያሳምም ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ሕመሙ ቆመ ማለትም ጠጠሩ ወጣ ማለት አይደለም። ቱቦው እንደተዘጋ ቆይቶ ኩላሊቱ ያለ ምንም ምልክት ሊጎዳ ይችላል። ደህና በሆንኩባቸው ቀናትም የአልትራሳውንድ ቀጠሮዬን የማልተወው ለዚህ ነው።

ከውጋቱ በላይ የምፈራው ትኩሳትን ነው። በተዘጋ ኩላሊት ውስጥ ኢንፌክሽን ከገባ በፍጥነት ወደ ደም ሊዛመት ይችላል፤ ያኔ ከጠጠሩ በፊት የታፈነውን ሽንት ማስወጣት ይቀድማል። ቴርሞሜትሩን ከመድኃኒቱ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ማስታገሻው ትኩሳትንም ስለሚደብቅ ከመዋጤ በፊት እለካለሁ። 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ካንቀጠቀጠኝ፣ ሽንቴ ከቆመ ወይም የዋጥኩት ሁሉ ካልረጋልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል እሄዳለሁ። እህቴንም «ነገ ይሻለኛል ብልሽ እንኳ እንዳትሰሚኝ» ብያታለሁ።

ሽንቴን በወንፊት አጣራለሁ። ጠጠሩ ከወጣ ይመረመራል፤ አብዛኛው ጠጠር ካልሲየም ኦክሳሌት ነው፣ ከዩሪክ አሲድ የተሠራው ግን በመድኃኒት ሊሟሟ ስለሚችል ዓይነቱን ማወቁ ዋጋ አለው።

ካልወጣ ሁለት መንገድ እንደምናይ ሐኪሜ ነግራኛለች፦ ከውጭ በሞገድ መሰባበር፣ ወይም በሽንት መንገድ ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ በሌዘር መፍጨት። ለመጀመሪያው የደም መርጋትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አስቀድመው ይቆማሉ። ዳይክሎፌናክም የደም መርጋትን በመጠኑ ስለሚቀንስ እሱንም ተዪ ከተባልኩ በእነዚያ ቀናት ሕመሙን በምን ልያዘው? ጥያቄውን ጽፌ ከሲቲ ስካኑ ውጤት ጋር አድርጌዋለሁ፤ ስንገናኝ መጀመሪያ የምጠይቃት እሱን ነው።