ሎሚዎቹ በ11 ደቂቃ ደረሱ

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ አንድ የሕንፃ ሳይት የደለል ማስቀሪያ ኩሬ ተቆፈረ፤ ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ወርዱ 10፣ ጥልቀቱ 1.25። 250 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ለአንድ ሄክታር የተቆፈረ መሬት በቂ የሚባል ልክ ነው። ግንቦት ላይ በቦቴ ውኃ ሞልተው አሳደሩት፤ አልጎደለም። ፈተናውን አለፈ ተብሎ ተፈረመ።

ሐምሌ ላይ የዋልካው ጎርፍ እንደገባ ወጣ። ዘበኛው "ኢንጂነር፣ ኩሬው እኮ ምንም አላስቀረም" ሲሉ ደንገሉ ሥር ያለው ውኃ ቡና መስሎ ነበር።

የግንቦቱ ሙከራ ያሳየው ኩሬው አለማፍሰሱን ብቻ ነው። ደለል የሚቀረው ግን ውኃው በቂ ጊዜ ሲቆይ ነው። ዝናብ በሌለበት ጠዋት ሙሉው ኩሬ ውስጥ በፓምፕ በሰከንድ 20 ሊትር እየገባ፣ መግቢያው ላይ አሥር ሎሚ ተጣለ። በስሌቱ ውኃው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል መቆየት ነበረበት፤ ሎሚዎቹ መውጫው ዘንድ በ11 ደቂቃ ደረሱ። ሎሚ የሚመረጠው አብዛኛው አካሉ ስለሚጠልቅና የሐይቁ ነፋስ በቀላሉ ስለማይገፋው ነው። ቀጥሎ 5 ኪሎ ጨው በአንድ በርሜል ውኃ ሟሙቶ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቀስ ተብሎ ፈሰሰ፤ ጨው የውኃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ስለሚጨምር፣ ይህ አቅም መውጫው ላይ በየሁለት ደቂቃው ተለካ። ጨው ከበዛ ውኃው ከብዶ ወደ ወለሉ ይሰምጥና የተሳሳተ ሰዓት ይሰጣል። የጨው ልኬቱም ከሎሚዎቹ ብዙ አልራቀም።

መግቢያና መውጫው በአንድ ወገን ተቀራርበው ስለነበር ከኩሬው ግማሹ ዝም ብሎ የቆመ ውኃ ነበር። የመውጫው ቱቦም ወለሉ ላይ ስለተቀመጠ የረጋውን ጭቃ መልሶ ይስባል። የመግቢያው ቦይ ወደ ሌላኛው ጫፍ ዞረ፤ ውኃው በወርዱ ሁሉ ተሰራጭቶ እንዲያልፍ በባሕር ዛፍ ቋሚዎች ላይ ሦስት ረድፍ ጆንያ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተወጠረ፤ የቱቦው አፍ ከጀሪካን ጋር ታስሮ ከላይ ብቻ እንዲቀዳ ተደረገ። በድጋሚ ሲለካ የጨው ልኬቱ ከፍተኛ የሆነው ጨው ከፈሰሰ ከ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በኋላ ነው።

ደቃቁ ሸክላ ግን አሁንም ያልፋል። 20 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሆነ ቅንጣት አንድ ሜትር ለመውረድ ሦስት ሩብ ሰዓት ሲበቃው፣ 2 ማይክሮኑ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ደቃቁን አያይዞ የሚያወርደው አልሙኒየም ሰልፌት ምን ያህል እንደሚበቃ ለማወቅ የማሰሮ ሙከራ ተደረገ፦ 10 ግራሙ በአንድ ሊትር ውኃ ይሟሟል፤ ከዚህ አንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል። አንድ አንድ ሊትር ጎርፍ በያዙ አምስት ዕቃዎች ላይ 0፣ 1፣ 2፣ 4 እና 6 ሚሊ ሊትር ይጨመራል፤ አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ 15 ደቂቃ በቀስታ ይማሰልና 30 ደቂቃ ይቆያል። በደንብ ካጠሩት መካከል ትንሹ መጠን ይመረጣል። ፒኤቹ (የውኃው የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ6 በታች ከወረደ ወደ ሐይቁ አይለቀቅም፤ አልሙኒየሙ ዓሣ ይጎዳል።

ኩሬው መሐል የተተከለው እንጨት ግማሽ ጥልቀቱ ላይ ቀይ ተቀብቷል። ደለሉ ቀዩን ሲነካ ይዛቃል።