አስተማሪዬ የሰረዛት «ቱ»

አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ልትፈተኑ ከሆነ ምዝገባው አያስጨንቃችሁ። ፓስፖርት ይዞ መመዝገብ ነው፤ ክፍያው ግን ኪስ ያራግፋል። ማዳመጡና ማንበቡም በልምምድ ይመጣል። እኔን ያንገበገበኝ የጽሑፍ ክፍሉ፣ ራይቲንግ ነው፤ እዚያም ውስጥ ከስም ኋላ የምትመጣዋ «ቱ»።

«ቢልስ ቱ ፔይ»፣ «ቲንግስ ቱ ዱ»፣ «ቡክስ ቱ ሪድ»። ባለቋንቋዎቹ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የሚያወሩት። እኛ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ተምረን፣ ይህችን ቁጭ አድርጎ ያስረዳን የለም። ስለዚህ «ዊች» እንጎትታለን፦ «ቢልስ ዊች አይ ሃቭ ቱ ፔይ»። ስህተት አይደለም፤ ግን ይከብዳል። የተመዘገብኩበት ማሰልጠኛ ደግሞ ጭራሽ «ዊች አብዙ፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነጥብ ያመጣል» ይለን ነበር። አትስሟቸው። የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት የሚመዘኑት በአንድ መስፈርት ነው። ስፋት ፍለጋ ስትንጠራሩ ትክክለኛነቱ ያመልጣችኋል።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ብቻቸውን ስለሚኖሩ አረጋውያን ጻፉ ተባልን። እኔ «ዘይ ኒድ ፍሬንድስ ቱ ቶክ ቱ» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪው መጨረሻ ላይ ያለችውን «ቱ» በቀይ ሰረዛት።

«አንድ ቱ አይበቃህም?» አለኝ።

«ቲቸር፣ ቶክ ቱ ስለሚባል እኮ ነው» አልኩት።

«ዓረፍተ ነገር በፕሪፖዚሽን አይዘጋም!» አለ፤ እንደ «ቱ»፣ «ኦን»፣ «ኢን» ያሉትን ትንንሽ ቃላት ማለቱ ነው። ክፍሉ ሳቀ።

ከጎኔ የነበረችው ልጅ «ቡክስ ቱ ሪድ ዜም» ብላ ጽፋ ነበር። የእሷን ራይት አደረገላት! ልክ የሆነውን ሰርዞ የተሳሳተውን አለፈ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሕጉን ከየት እንዳመጣው ቆይቶ ገባኝ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 ጸሐፌ ተውኔቱን ቤን ጆንሰንን የነቀፈበት ነገር ነው። ከዚያ በኋላ የሰዋስው መጻሕፍት ሲቀባበሉት ኖሩ። ሕዝቡ ግን በዕለት ወሬው ከቁብም አልቆጠረው። የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ይዤ ሄጄ አሳየሁት። «እሺ፣ ፈተና ላይ ግን እንዳትጽፋት» አለኝ። ጻፍኳት።

ማንም ያልነገረን ይኸውላችሁ። «የማነባቸው መጻሕፍት» ስንል «ኣቸው» ግሱ ላይ ተለጥፋለች። ልጅቷ «ዜም»ን ያመጣችው ከዚያ ነው። እንግሊዝኛው ግን መጻሕፍቱን አንዴ ከጠራ አይደግማቸውም። «የምንቀመጥባቸው ወንበሮች» ስንል ደግሞ ሁለት ነገር አለ፤ «በ»ም «ኣቸው»ም። እንግሊዝኛው «ኣቸው»ን ይጥላል፣ «በ»ን ግን መጨረሻ ላይ ያስቀራታል፦ «ቼርስ ቱ ሲት ኦን»። ስለዚህ አማርኛው ላይ «ባቸው» ወይም «ላቸው» ከሰማችሁ፣ መጨረሻ ላይ ትንሿን ቃል ፈልጉ። «ፔንስ ቱ ራይት ዊዝ»፣ «ሃውስስ ቱ ሊቭ ኢን»። «ፕሌስ» የምትባል አመለኛ ብቻ ታስቸግራለች፤ «ፕሌስስ ቱ ጎ»፣ «ፕሌስስ ቱ ሊቭ» ይባላል፣ ያለ ምንም ጭራ። ለምን ብላችሁ አትድከሙ፤ ያዟት።

ስሙ ብዙ ቁጥር ቢሆንም ግሱ አይነካም። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ አልፈዋለሁ።

ሌላው፣ «ቱ» ሁሉም ስም ላይ አትገባም። «ፕላንስ»፣ «አቴምፕትስ»፣ «ዲሲዥንስ» በደስታ ይቀበሏታል። «ፖሲቢሊቲ» እና «ሃቢት» ግን «ኦፍ» እና ግሱ ላይ የምትለጠፈዋን «ኢንግ» ነው የሚፈልጉት። «ዌይስ» ሁለቱንም ይቀበላል። ማሰልጠኛው ግሶችን በሰንጠረዥ አስሸምድዶናል፤ የስሞቹን አንድ ቀን አንስቶት አያውቅም። እኔ ደብተሬ ላይ ስሙን ብቻውን መጻፍ ትቼ ከነተከታዩ መጻፍ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ነው እጄ የተፈታው።

እናንተም «ዊች አብዙ» የሚል ክፍል ውስጥ ከተቀመጣችሁ የወሩን ሙሉ አትክፈሉ። እኔ ቀሪውን ገንዘብ ብጠይቅ «ደንባችን አይፈቅድም» ተብያለሁ። ደንቡን አሳዩኝ ስል ደግሞ ደንቡ አልተገኘም።