ብረት ቦክሰኛን ያዘገያል?

ዛሬ ልምምድ ላይ አንድ ልጅ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ሊሠራ ብረቱን ትከሻው ላይ ሲያደርግ አንድ ነባር ቦክሰኛ «ተው አንተ፣ ሰውነትህን ያደርቀዋል፣ እጅህ ይዘገያል» አሉት። ልጁም እሺ ብሎ ብረቱን ወደ ቦታው መለሰው። እኔን ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ጋሼ ከመሬት ተነስተው አላሉትም። እንደ ሰውነት ገንቢ ደረትና ክንድ ብቻ እየደጋገመ የሚሠራ ቦክሰኛ ኪሎው ይጨምርና ከምድቡ ይወጣል፤ በማግስቱ ትከሻው ተሳስሮ ጃብ (በፊት እጅ የሚሰነዘር ቀጥተኛ ቡጢ) መወርወር ያቅተዋል። ከባድ ብረት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ብቻ አንስቶ፣ በደንብ አርፎ መድገም ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው! ነርቭ ብዙ የጡንቻ ክሮችን ባንዴ ማዘዝ ይለምዳል፤ ጉልበት ይጨምራል፣ ኪሎ ግን እምብዛም። ቡጢ ደግሞ ከክንድ አይጀምርም። የኋላ እግር መሬቱን ይገፋል፣ ዳሌ ይዞራል፣ እጅ የሚከተለው ከዚያ ነው። ስኳትና ዴድሊፍት (ብረትን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) የሚያጠነክሩት ይህንኑ እግርና ዳሌ ነው።

ቦክሰኛውን ኢቫንደር ሆሊፊልድን አስቡት። ከክሩዘርዌት (ከከባድ ሚዛን በታች ካለው ምድብ) ወደ ከባድ ሚዛን ሲወጣ ብረት ካሠሩት አንዱ ትልቁን የሰውነት ግንባታ ውድድር ሚስተር ኦሎምፒያን 8 ጊዜ ያሸነፈው ሊ ሄኒ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑን በስተር ዳግላስን በ3ኛው ዙር ሲዘርረው እጁ ዘግይቶ ነበር እንዴ?

ለጀማሪ መጀመሪያ በባዶ ብረት አቋም ይስተካከል፣ ወገብ እንዳይጎብጥ። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ከስፓሪንግ (ከልምምድ ግጥሚያ) በኋላ እንጂ በፊት አይሁን፤ ውድድር ሲቃረብም ይቀነስ።